ከዘመኑ ጋር ወይስ ከባለጊዜ ጋር?

«ካቶሊኮች ከዘመናዊው ባህል ጋር አብሮ መራመድ አቅቷቸዋል» የሚለው አነጋገር በእኛም ከተሞች የተማረ ሰው መለያ ወደ መሆን ተቃርቧል። አነጋገሩ የተወለደው ባሕር ማዶ ነው። የሮማ ቤተ ክርስቲያን ስለ ፅንስ ማስወረድ፣ ስለ ፍቺ፣ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያና ስለ ሴቶች ክህነት የያዘችውን አቋም የማይወዱ የአውሮፓና የአሜሪካ ጸሐፊዎች ፈጠሩት፤ እኛም እንደ ሌላው ሸቀጥ ሁሉ ሳንፈትሽ አስገባነው። ልብ በሉ፤ አነጋገሩ ካቶሊኮች ተሳስተዋል አይልም። በድለዋል፣ ሰው ጎድተዋል አይልም። ወደ ኋላ ቀርተዋል ብቻ ነው የሚለው። እንዲህ ዓይነት ክስ መልስ የለውም፤ ምክንያቱም ክስ አይደለም። ክርክሩ ገና ሳይከፈት የሚዘጋበት ቁልፍ ነው።

ይህን የምጽፈው በመካነ ሰላም ተቀምጬ ነው። መካነ ሰላም ከደሴ በስተ ምዕራብ፣ የወሎ ደጋ ወደ ዓባይ በረሃ ከመውረዱ በፊት የምትገኝ ከተማ ናት። የቦረና፣ የአማራ ሳይንት፣ የወግዲና የከላላ ሕዝብ ኦርቶዶክስና ሙስሊም ነው። በካርታ ላይ አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2015 በተቋቋመው የባሕር ዳር–ደሴ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ሥር ይጠቃለላል፤ በገበያ ቀን ካቶሊክ ልፈልግ ብሎ የወጣ ሰው ግን ደክሞት ይመለሳል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ከመላው የአገሪቱ ሕዝብ ካቶሊክ የሆነው 0.7 በመቶ ብቻ ነበር። እኔም ካቶሊክ አይደለሁም።

ታዲያ ምን አገባህ ትሉኝ ይሆናል። የሚያገባኝ ቢላው አንድ ስለሆነ ነው። በካቶሊኩ ላይ የተሳለው ቢላ ለቦረናው ገበሬም ይመዘዛል። በሚካኤል ቀን አላርስም የሚለው ኦርቶዶክስ፣ በረመዳን እየጾመ አዝመራ የሚሰበስበው ሙስሊም፣ ሁለቱም በእኛ በምሁራኑ መዝገብ የሰፈሩት «ከዘመኑ ጋር ያልተራመደ» በሚለው ረድፍ ላይ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ከሥሩ ማንሣት ይገባል። ዘመን የሚባለው ማን ነው? እግሩስ የማን ነው? እኔ የምለው ይህ ነው፦ በታሪካችን «ከዘመኑ ጋር መራመድ» ተብሎ የተወደሰው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከባለጊዜ ጋር መራመድ ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ በአገራችን የዚህ የተሟላ ማስረጃ ነው። ከዘመኗ ጋር እኩል በተራመደች ቁጥር በደለችን፤ ከዘመኗ በተነጠለች ቁጥር ጠቀመችን።

አንድ ደብር፣ ሁለት ካቶሊኮች

ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን የወጣ ሰው መርጡለ ማርያም ይደርሳል። እዚያ ንግሥት እሌኒ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነበረ። በላዩም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ጀስዊት የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት በድንጋይና በኖራ አዲስ ሕንፃ አቆሙ። ፍርስራሹ ዛሬም ይታያል፤ የድንጋይ ቅርጹ ዛሬም ያስደንቃል።

ያ ሕንፃ በዘመኑ የሥልጣኔ ጫፍ ነበር። ኖራውን ይዘው የመጡት ሰዎች ጠመንጃን የሚያውቁ፣ ካርታ የሚሥሉ፣ ከሊዝበንና ከጎዋ ጋር የሚጻጻፉ ነበሩ። ከመካከላቸው ፔድሮ ፓኤዝ አስተዋይ ሰው ነበር፤ ግእዝና አማርኛ ተማረ፣ ሊቃውንቱን በትዕግሥት ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ1622 ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በይፋ ሲቀበሉ ፓኤዝ በዚያው ዓመት አረፈ። በኋላ ፓትርያርክ ሆኖ የመጣው አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ትዕግሥት አላወቀም። ሕዝቡ ዳግመኛ ይጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግመኛ ይካኑ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ዳግመኛ ይባረኩ፣ ጾሙና የዘመን አቆጣጠሩ በሮማ ይተካ ተባለ። ዛሬ መስከረም አንድ ቀን ዕንቁጣጣሽ የምንልበት አቆጣጠር ያኔ እንዲሻር የተፈረደበት ነው።

የላስታ ገበሬ በመልክአ ክርስቶስ መሪነት ተነሣ። የተከተለውን እልቂት ታሪክ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞውን እምነት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ጀስዊቶቹም ከአገር ተባረሩ።

እዚህ ላይ የታሪክ መምህራን ብዙውን ጊዜ «ሜንዴዝ ባህላችንን ስላላወቀ ነው የወደቀ» ብለው ያልፉታል። እኔ አላልፈውም። ሜንዴዝ ያላወቀው የእኛን ባህል ነበር እንጂ የዘመኑን ባህልማ አሳምሮ ያውቅ ነበር። በ1555 በጀርመን ምድር በአውግስቡርግ የተፈረመው ውል የሕዝቡን ሃይማኖት የሚወስነው ገዢው ነው የሚል ነበር። ሜንዴዝ ኢትዮጵያ በገባበት ጊዜ አውሮፓ ለሠላሳ ዓመት በዘለቀ የሃይማኖት ጦርነት ውስጥ ነበረች። ንጉሡን ያዝ፣ ሕዝቡ ይከተላል የሚለው አሠራር በዚያን ጊዜ የኋላ ቀር ሰው ሐሳብ አልነበረም፤ የሠለጠነው ዓለም የመንግሥት ጥበብ ነበር። ሜንዴዝ ከዘመኑ ጋር ፍጹም የተስማማ ሰው ነበር። ጥፋቱም እሱ ነው።

ሁለተኛው ካቶሊክ የተገኘው ከዚያው ከመርጡለ ማርያም አጠገብ ነው። ዲቦ በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. በ1791 የተወለዱት አባ ገብረ ሚካኤል ዐይናማ የሆኑ የመርጡለ ማርያም ተማሪ ነበሩ፤ ዐይናማ የምላቸው በልቡናቸው ነው፤ በሥጋማ አንድ ዐይናቸው የጠፋው በልጅነታቸው ነበር። መንኩሰው ከገዳም ገዳም እየዞሩ መጻሕፍትን መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1841 ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከሄደው መልእክት ጋር ሲጓዙ እኛ አቡነ ያዕቆብ የምንላቸውን ጣሊያናዊውን ጁስቲኖ ደ ያቆቢስን አወቁ፤ አብረውም እስከ ሮማ ደረሱ። በ1844 ካቶሊክ ሆኑ። ንጉሥ አላዘዛቸውም፤ ጠመንጃ አልታየባቸውም፤ ያሳመናቸው ንባባቸውና የአንድ ሰው ጠባይ ነው።

ደ ያቆቢስ ሜንዴዝ ያደረገውን አንዱንም አላደረጉም። የአገሩን ልብስ ለበሱ፣ የአገሩን ጾም ጾሙ፣ በግእዝ ሥርዓት ቀደሱ። በአውሮፓ የቅኝ ግዛት ሱሰኝነት ሊፈላ በተቃረበበት በዚያ ዘመን አንድ አውሮፓዊ ራሱን ዝቅ አድርጎ የሐበሻ ደቀ መዝሙር መሆኑ፣ በዘመኑ ሚዛን ሲታይ፣ ወደ ኋላ መሄድ ነበር። ዛሬ ኢትዮጵያዊው ካቶሊክ በግእዝ ሥርዓት ቅዳሴውን የሚያደርሰው ግን በሜንዴዝ አዋጅ ሳይሆን በዚህ «ኋላ ቀር» ሰው ምክንያት ነው።

1855

አባ ገብረ ሚካኤል እምነታቸውን ካዱ ተብለው እምቢ ስላሉ ታሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1855 እግራቸው በሰንሰለት እንደታሠረ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር እየተጎተቱ ሳሉ ሞቱ። ሮማ በ1926 ብፁዕ ብላቸዋለች፤ ደ ያቆቢስንም በ1975 ቅዱስ ብላለች።

አሁን ዓመተ ምሕረቱን አስተውሉ። በዩኒቨርሲቲዎቻችን «ዘመናዊ የኢትዮጵያ ታሪክ» የሚባለው ትምህርት የሚጀምረው ከስንት ነው? ከ1855 ነው፤ ከቴዎድሮስ ንግሥና። ዘመናዊነታችን ብለን ቀን የቆረጥንለት ዓመት አንድ አዛውንት መነኩሴ ስለ ሕሊናቸው በሰንሰለት የሞቱበት ዓመት ነው። ይህን የምለው ቴዎድሮስን ለማሳነስ አይደለም። አገር አንድ ለማድረግ ያለሙት ሕልም ታላቅ ነበር። ነገር ግን የአንድ አገር፣ የአንድ ንጉሥ፣ የአንድ ሃይማኖት ሐሳብ በዘመኑ የገነነ ሐሳብ ነበር፤ በዚያ ሐሳብ መንገድ ላይ የቆመውን የገጠር ሊቅ ደግሞ ዘመኑ ረግጦት አለፈ።

ወሎ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1878 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ፤ የኦርቶዶክሱን ክርክር ዘጉ፣ የወሎን ሙስሊም ደግሞ ክርስትና ተነሣ አሉት። ኢማም መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል ሆኑ። እንደ ሼኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ያሉት እምቢ አሉ። በዓመቱ፣ በ1879፣ ካቶሊኩ ጳጳስ ማሳያ በዚያው በዮሐንስ ትእዛዝ ከሸዋ ወጡ። የወሎው ሼኽና የሮማው መነኩሴ በአንድ አዋጅ መንፈስ ተገፉ። ሁለቱም የንጉሡን «አንድ እናድርገው» አላደርግም ስላሉ ነው።

እኚህ ማሳያ እነማን ነበሩ? ሕዝቡ በፈንጣጣ ስም የሚጠራቸው ሰው ነበሩ፤ ምክንያቱም በየሄዱበት ሕዝቡን ፈንጣጣ ይከትቡ ነበር። አስተውሉ፤ የሠለጠነ መንግሥት ለመመሥረት ሲባል ከታቢው ተባረረ። ከዘመኑ ጋር የተራመደው ማን ነው፤ አባራሪው ወይስ ተባራሪው?

አውሮፕላኑን የባረኩ እጆች

ካቶሊኮችን ለማመስገን የተቀመጥኩ የመሰለው አንባቢ ካለ ይታገሠኝ። እ.ኤ.አ. በ1935 የጣሊያን ፋሽስት መንግሥት ሲወረን የጣሊያን ካቶሊክ ጳጳሳት የት ነበሩ? ብዙዎቹ ከዘመኑ ጋር ነበሩ። የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር ኦክቶበር 28 ቀን፣ የፋሽስቶች ወደ ሮማ የመትመም መታሰቢያ በሆነው ዕለት፣ በካቴድራላቸው ቆመው ወረራውን የክርስቶስን መስቀል ወደ ኢትዮጵያ የሚያደርስ ዘመቻ አድርገው ሰበኩ። በታኅሣሥ ወር ለጦርነቱ ወርቅ ሲሰበሰብ ወርቃቸውን አውልቀው የሰጡ ጳጳሳት ነበሩ።

ያን ጊዜ ፋሽዝም የኋላ ቀሮች ነገር አልነበረም። የአውሮፕላን፣ የራዲዮ፣ የአውራ ጎዳና፣ የወጣትነት ሃይማኖት ነበር። ዲሴምበር 6 ቀን 1935 ደሴን የደበደበው አውሮፕላን በዘመኑ ከነበሩት ማሽኖች ሁሉ ዘመናዊው ነበር። በሰሜኑ ግንባር በወታደሩና በባላገሩ ላይ የተረጨው የመርዝ ጋዝም ከቤተ ሙከራ የወጣ የሳይንስ ውጤት ነበር። አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲረሸኑ፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግንቦት 1929 ዓ.ም. ሲጨፈጨፉ፣ ያን ዘመናዊ ማሽን የባረኩት እጆች ዝም አሉ። ኢትዮጵያውያን በአገርም በውጭም ሆነው ቫቲካን ስለዚህ ይቅርታ እንድትጠይቅ ለዓመታት ጮኸዋል። ጩኸቱ ጩኸቴ ነው።

ግን ተመልከቱ። የእኛ ምሁር ካቶሊኩን ሲከስሰው ይህን አያነሣም። የሚያነሣው ጳጳሱ ስለ ጋብቻ ለምን እንደ ለንደን ጋዜጦች አያስብም የሚለውን ነው። ከፋሽዝም ጋር እኩል የተራመደውን እግር ትቶ፣ አልራመድም ብሎ የቆመውን እግር ይመታል። ከዚህ የበለጠ የሚዛን መዛባት አላውቅም።

ሳይንሳዊው ሶሻሊዝም እና ኮረም

ሌላ ዘመናዊነት ደግሞ እኛው ራሳችን አምጥተናል። የእኔ ትውልድ በልጅነቱ ያደገበት ነው። ደርግ ሃይማኖትን ያለፈ ሥርዓት ቅሪት ነው አለን፤ ታሪክ ራሱ ሳይንሳዊ ሕግ አለው፣ ያልተከተለው ይደመሰሳል ተባለ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ በአዲስ አበባ በታላቅ ድምቀት ሲከበር፣ በወሎ በኮረም ሜዳ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ከዘመኑ ጋር የተራመደው መንግሥት በዓሉን እንዳያበላሽበት ረሃቡን ደበቀ።

ያኔ እህል ያደረሱት እነማን ነበሩ? ከብዙዎቹ መካከል እነዚያው «የታሪክ ቅሪቶች» ናቸው። የካቶሊክ ጽሕፈት ቤትና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ከካቶሊክና ከሉተራን የእርዳታ ድርጅቶች ጋር አንድ ሆነው እህል አጓጓዙ፤ ኋላም የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጨመረች። የጥንቱ የሃይማኖት ጠብ ወራሾች በአንድ የጭነት መኪና ላይ ተገናኙ። መንግሥቱ የሳይንስን ቃል ያውቅ ነበር፤ እነሱ የተራበ ሰው ይበላ የሚለውን አሮጌ ቃል ያውቁ ነበር። የወሎን ሰው ያተረፈው የትኛው ቃል ነው?

የካቶሊኮች ውለታ በረሃብ ጊዜ ብቻ የታየ አይደለም። በግእዝ ፊደል መጀመሪያ የታተመው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ነው፤ የታተመውም እ.ኤ.አ. በ1513 በሮማ ነው። በ1548 እና በ1549 አዲስ ኪዳንን በግእዝ ያሳተመው ከደብረ ሊባኖስ ወጥቶ በሮማ የሐበሾች ማረፊያ ይኖር የነበረው መነኩሴ ተስፋ ጽዮን ነው። ዛሬ በኮምፒውተር የምንጽፍበት ፊደል ወደ ብረት የተለወጠው በካቶሊክ ጣሪያ ሥር ነው። ፋሲለደስ ካባረሯቸው ሦስት መቶ ዓመት ካለፈ በኋላም ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ ተስማምተው ካናዳውያን ጀስዊቶችን ጠሩ፤ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ሰጧቸው። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን የመሠረቱት ዶክተር ሉሲዬን ማት ከእነዚሁ አንዱ ነበሩ። «ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው» ብሎ የጮኸው ትውልድ መጮህ የተማረው ጀስዊት በከፈተው ክፍል ውስጥ ነው። ይህን ለማሾፍ አላነሣሁትም፤ የዘመናዊነታችን የዘር ሐረግ እኛ እንደምናስበው ጥርት ያለ እንዳልሆነ ለማሳየት እንጂ።

ወደ ቦረና ስንመለስ

አሁን ቢላው ወደ ገበሬው ሲዞር ምን እንደሚሆን እንመልከት። በዐውደ ጥናቶቻችን የተለመደ ዐረፍተ ነገር አለ፤ የወሎ ገበሬ የደኸየው በበዓላቱ ብዛት ነው የሚል። በአምስት አቦ፣ በሰባት ሥላሴ፣ በዐሥራ ሁለት ሚካኤል፣ በሃያ አንድ ማርያም፣ በሃያ ሰባት መድኃኔ ዓለም እያለ ማረሻውን ይሰቅላል፤ ስለዚህ ተራበ። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ይጥማል፣ ማንንም ባለሥልጣን አያስቀይምም። የሚወደደውም በዚህ ነው።

በዓላት የሥራ ቀን እንደሚወስዱ አልክድም። የቤተ ክርስቲያኒቱ ሊቃውንት ራሳቸው ሊወያዩበት የሚገባ ጉዳይ ነው። ነገር ግን በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የፈጀው ረሃብ ከበዓል ጋር ምን አገናኘው? አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው ጥናት ያሳየው ሌላ ነገር ነው፤ በአገሪቱ በጠቅላላው የእህል ምርት እስከዚህ አልወደቀም፣ በደሴ ገበያም ዋጋው እንደሚጠበቀው አልናረም፣ ወሎ ሲራብ ከወሎ እህል ይወጣ ነበር። የራበው ሰው ያጣው የመግዛት ዐቅሙን ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም የኢትዮጵያን ገበሬ ለረሃብ ያጋለጠው በላዩ የተጫነው ሥርዓት መሆኑን በሰፊ ጥናት አስረድተዋል። ገበሬው በሚካኤል ቀን ማረሻውን ባይሰቅል ኖሮ ያን ተጨማሪ እህል የሚበላው ማን ነበር? የመሬቱ ጌታ፣ ግብር ሰብሳቢው፣ ነጋዴው። ወገኔ፣ የበዓል ቀን ለገበሬው አንድ ሌላ ነገርም ነበር፤ ባለጊዜ «ና ሥራልኝ» ሊለው የማይችልበት ቀን።

በዚሁ ደጋ ላይ ጋሥጫ አለ። አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ፣ በ1424 መጽሐፈ ምሥጢርን የፈጸሙት ሊቅ፣ የዚህ ምድር ሰው ናቸው። ገድላቸው እንደሚተርከው በቤተ መንግሥት ተከስሰው ታሥረዋል። ያሠሯቸው ባለጊዜዎች አልፈዋል፤ እሳቸው ያዘጋጁት ሰዓታት ግን ዛሬም ሌሊት ሌሊት በየደብሩ ይቆማል። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ጊዜው ሲያልፍ ቅሉ ቅል፣ ድንጋዩም ድንጋይ ነው።

ለሚነሡት ሦስት ተቃውሞዎች

አንደኛ፣ «አሮጌ ነገር ሁሉ ይከበር እያልክ ነውን?» የሚል ይኖራል። አላልሁም። በእነዚህ ደጋዎች ዕድሜዋ ለጋብቻ ሳይደርስ የተዳረች ልጅ አለች። ሕጉ ዐሥራ ስምንት ዓመት ብሏል፤ ሕጉ ትክክል ነው። ልማዱን የምቃወመው አሮጌ ስለሆነ ግን አይደለም፤ ልጅቷን ስለሚጎዳት ነው። ነገ አዲስ የሆነ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ዘመናዊ ስም ያለው ነገር ልጅቷን ቢጎዳት በዚያው ድምፅ እቃወመዋለሁ። የቀን መቁጠሪያ የሥነ ምግባር ሚዛን አይደለም።

ሁለተኛ፣ «ስለዚህ በወሊድ መቆጣጠሪያም ከጳጳሱ ጋር ትስማማለህን?» የሚል አለ። አልስማማም። ጳውሎስ ስድስተኛ በ1968 ያወጡትን መልእክት ክርክሩን ተከትዬ አንብቤ አልተቀበልኩትም፤ በተራራማ መንደር በየዓመቱ የምትወልድ እናት ሸክም ከክርክሩ ይልቅ ከበደኝ። ይህ ግን የምክንያት ልዩነት ነው። ጳጳሱን የምመልሳቸው በእናቲቱ ነው እንጂ «ዘመኑ አልፎብዎታል» በማለት አይደለም። እሳቸውም ሰውን እንደ ዕቃ የሚቆጥር ዘመን ይመጣል ብለው መፍራታቸውን አልንቅም፤ ዙሪያዬን ሳይ ፍርሃቱ ከንቱ ሆኖ አላገኘሁትም።

ሦስተኛውና ከባዱ፣ «ሕፃናትን የደፈሩ ካህናትን የሸሸገች ቤተ ክርስቲያን ዘመንን ልትገሥጽ ምን ሥልጣን አላት?» የሚለው ነው። ከ2002 ጀምሮ ከቦስተን ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው ጉድ ይታወቃል። መልሴ አጭር ነው፤ ተቃውሞው ልክ ነው። ግን ነውሩን አጥኑት። ጳጳሳቱ ያን ያደረጉት ወንጌሉን አጥብቀው ስለያዙ ነውን? አይደለም። ስማቸውን፣ ክብራቸውንና ገንዘባቸውን ለመጠበቅ ከሳሽን ዝም አሰኝተው ጥፋተኛውን ከቦታ ወደ ቦታ አዛወሩ። ይህ የየትኛውም ዘመናዊ ኩባንያና መሥሪያ ቤት አሠራር ነው። እዚያም ላይ የወደቁት ዓለምን በመምሰላቸው ነው።

ለማን ምን እንላለን?

ለካቶሊክ ወንድሞቼና እኅቶቼ የምለው ይህ ነው። ዘመናዊ ናችሁ ለመባል አትቸኩሉ። የሜንዴዝንና የሹስተርን መንገድ አሳምራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሁለቱም በጊዜያቸው የሠለጠኑ ነበሩ። ከእናንተ የምንፈልገው ስለ 1935 እውነቱን ጮክ ብላችሁ እንድትናገሩ፣ የአባ ገብረ ሚካኤልንም ትዕግሥት እንድትጠብቁ ነው።

ለኦርቶዶክስ ወገኖቼ ደግሞ፣ «መጤ» የሚለው ቃል የ«ኋላ ቀር» መንትያ ነው። አንዱ የውጭ ነህ ብሎ፣ ሌላው የትናንት ነህ ብሎ ሰውን ከክርክሩ ያስወጣዋል። ከመርጡለ ማርያም የወጣን ሊቅ መጤ ማለት አይቻልም። በቦሩ ሜዳ ባለጊዜ የነበርነው እኛ ነበርን፤ የወሎ ሙስሊም ጎረቤታችን ይህን ባይናገረውም አልረሳውም።

ለእኛ ለዲግሪ ባለቤቶች ያለኝ ቃል ከሁሉ ይከፋል። በመካነ ሰላም መማሪያ ክፍሎች የሚቀመጡት ተማሪዎች ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ናቸው። አራት ዓመት አስተምረን አባቱን የሚያፍር ልጅ ካወጣን ምን አስተማርነው? የአባቱን ጾም ከመመርመሩ በፊት መናቅ፣ የእናቱን ሰላት ከመረዳቱ በፊት መሳለቅ ተማረ ማለት ነው። ያ ልጅ ነገ ባለሙያ ሆኖ ወደ መንደሩ ሲመለስ ገበሬውን አይሰማውም፤ ያልሰማውን ሰው ደግሞ ያዝዘዋል። ሱስንዮስም፣ ደርግም የጀመሩት ከዚያ ነው። የእኛ ዕዳ ተማሪውን ጥያቄ ማስተማር ነው፤ እውነት ነው ወይ? ይጎዳል ወይ? የሚጎዳውስ ማንን ነው? እነዚህን ሦስቱን ጠይቆ ጾሙን ቢተው የራሱ ጉዳይ ነው፤ ቢጠብቀውም እንዲሁ።

ካቶሊኮች ከዘመናዊው ባህል ጋር አልተራመዱም ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አንዳንድ ጊዜ ተራምደዋል እላችኋለሁ፤ ዋጋውን የከፈልነውም እኛ ነን። ዛሬ ባለጊዜ ሌላ ነው፤ ነገም ሌላ ይሆናል። ሲመጣ ማንን እየረገጠ እንደሚሄድ እግሩን እንመልከት።

ልብ ያለው ልብ ይበል።